ኮምቦልቻ ያለው የሱስ ማገገሚያ፦ ወንድሜ እምቢ ያለ ቀን ምን አደረጉ?

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የሱስ ማገገሚያ ፈልጋችሁ የምትጠይቁ ሰዎች እየበዛችሁ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው። ቤቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ ስሙን ግን አልጠራም፣ ታክሞ የወጣው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው፣ የቤቱን ስም ከጠራሁ እሱን ማወቅ የግማሽ ቀን ስራ ነው። ጻፊ ብሎ የፈቀደልኝ ራሱ ነው፣ ስሜንና ስራዬን ግን ተዪ እታለም ብሎኛል፣ ከሱ ቃል አልወጣም። ከመለጠፌ በፊትም አንብቦት እሺ ብሏል።

ሰው ማገገሚያ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ግቢውን ነው፣ አትክልቱ፣ ንጹህ አልጋው፣ ዲሽ አለው የለውም፣ ዋጋው ስንት ነው ምናምን። እኔ በሁለት ቤት ካየሁት በኋላ የማየው ሌላ ነገር ነው፣ ታካሚው እምቢ ያለ ቀን ስታፉ ምን ያደርጋል የሚለውን። መድኃኒት አልወስድም ሲል፣ ግሩፕ ውስጥ አላወራም ሲል፣ ወደ ቤቴ ልሂድ ሲል። እሺ እያለ ያለውን ታካሚማ ማንም ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከባዱ ሌላው ነው።

መጀመሪያ ያስገቡት ከዚህ ራቅ ያለ ሌላ ቤት ነበር፣ የዘመድ ሽማግሌዎች ጠይቀው ያገኙት። ከዛ የመጡት ልጆች ወንድሜን ከቤት ሲያወጡት ሁለት እጁን ይዘው ነው፣ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ስልኩን ወሰዱ፣ ክፍል ቆለፉበት፣ እዛ ያለው ሰራተኛ ደግሞ በስሙ አይጠራውም፣ «አንተ ሰካራም» ነው የሚለው፣ ይሄ በየቀኑ። ሐኪም የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ አልነበረም። ህክምናቸው ምንድነው ስንል «ሱስ ባንድ ጊዜ ሲቆረጥ ነው የሚለቀው፣ ይንቀጥቀጥ፣ ይወጣለታል» ነው መልሱ።

ይሄን ነገር ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። ወንድሜ ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይላል፣ መጀመሪያ ቢራ ነበር፣ በኋላ አረቄ ሆነ፣ በመጨረሻ አረቄው ጠዋትም ሆነ። ጫትና አረቄ ደግሞ ሲቆሙ አንድ አይደሉም። ጫት ሲቆም ድካም፣ እንቅልፍ፣ መከፋት፣ ሃራራ፣ ሌሊት ዱካክ የሚሉት ቅዠት ይመጣል፣ ከባድ ነው፣ ሰውየው ጨለምተኛ ከሆነም ሰው ከጎኑ መጥፋት የለበትም፣ ግን ጫት ማቆሙ በራሱ ሰውነትን እንደ አልኮሉ አይጥልም። አልኮል ግን፣ ዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ ከዛ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ያለበትን መሳት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል፣ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ ሐኪም ባለበት ነው የሚቆመው፣ ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም ይሰጥና ቀስ እየተባለ ይቀነሳል፣ ታያሚን ማለትም ቫይታሚን ቢ ዋንም ይሰጣል፣ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ይሄ ቫይታሚን ስለሚያልቅና እጥረቱ አንጎል ስለሚጎዳ። ቆልፎ ይወጣለታል ማለት የሰው ነፍስ ላይ መቆመር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወንድሜን ሌሊት ጣለው። የጮኸለት ከጎኑ የተኛ ሌላ ታካሚ ነው፣ ሰራተኛ አይደለም። ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዛ በኋላ «ማገገሚያ» የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም፣ እውነቱን ነው። ወራት አለፉ። ኮምቦልቻ ያለውን ቤት ራሱ ከጓደኛው ሰምቶ ነው የነገረኝ፣ አብረን ሄደን እንይ ብሎ፣ ከአጎታችን ጋር ሦስት ሆነን ሐረጎን ወርደን ሄድን። ከደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሚኒባስ ሁልጊዜ አለ። ይሄም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከዚህ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለጥየቃ ደግሞ ስንቴ ትመላለሳለህ።

የተቀበለችን የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። አጎቴ ገና ቁጭ ሳይሉ የወንድሜን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ መዘርዘር ጀመሩ፣ እሷ አዳምጣ አዳምጣ ወደ ወንድሜ ዞረችና «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችው። እርስዎ ነው ያለችው። አጎቴ ከፋቸው፣ «የምንከፍለው እኮ እኛ ነን» አሉ። «ልክ ነው ጋሼ፣ ክፍያው የናንተ ነው፣ ህክምናው ግን የሳቸው ነው» አለቻቸው፣ ድምጿን ሳታነሳ። ወንድሜ እስኪያወራ ጠበቀች፣ ብዙ ጠበቀች፣ ከዛ አወራ። አንተ በሉኝ ያለው ራሱ ነው፣ በሳምንቱ ይሁን ከዛ በኋላ።

ፎርሙ አማርኛ ነው፣ አንብባለት ነው ያስፈረመችው፣ ምን መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ስልክ መቼ እንደሚፈቀድ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ መውጣት ሲፈልግ ምን እንደሚደረግ፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ። በጣም የወደድኩት ግን ይሄ ነው፣ ያን ቀን ጠጥቶ ነበር የመጣው፣ ስለዚህ ለድንገተኛው ህክምና ብቻ አስፈርማው ሌላውን «ጭንቅላቱ ሲጠራ እንደገና እናነበዋለን» አለች፣ እውነትም ከቀናት በኋላ ድጋሚ አንብበው አስፈረሙት። ስካር ወይም መንቀጥቀጥ ላይ ያለ ሰው የፈረመው ወረቀት ምን ፈቃድ ይባላል?

አጎቴ መንገድ ላይም ይሄን ነገር አልተዉም፣ ቤተሰብ ከፈረመ ምን ችግር አለው ነው የሚሉት። ችግርማ አለው። 1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ላይ ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ህክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ተጽፏል፣ ሕገ መንግስቱም አንቀጽ 18 ላይ ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፣ «ከሱሰኛ በስተቀር» የሚል ነገር የለበትም። አቅመ አዳም የደረሰና ራሱን የሚያውቅ ሰው በወንድሙም በአጎቱም ፊርማ አይታሰርም። ራሱን ከሳተ፣ ነፍሱ አደጋ ላይ ከሆነ ሌላ ነው፣ እዛ ቤት ይሄንንም ከመጀመሪያው ነግረውናል፣ እንደዛ ከሆነ እኛ ጋ አይቆይም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው የምንወስደው ብለው።

ፍተሻው ይኖራል፣ መኖርም አለበት፣ ዕቃ ውስጥ አረቄም ጫትም ይገባል። ግን የፈተሸው ወንድ ነው፣ ወንድሜ ፊት ነው የተፈተሸው፣ የተያዘው ዕቃ ተጽፎ ግልባጩ ተሰጠው። ስልክ መጀመሪያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሲደውል ግን ማንም አጠገቡ ቆሞ አያዳምጥም። የድሮው ቤት በስፒከር ነበር የሚያስደውሉት፣ ምን ብሎ ይነግረናል ታዲያ።

እምቢታው የመጣው ከግሩፑ ነው። ሰብሰብ ብለው ታሪካቸውን የሚያወሩበት ሰዓት አለ፣ ወንድሜ አላወራም አለ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባ ጊዜ ያየው ነገር አለ፣ እሱ ነው መጠጡን ያባሰው ብዬ አምናለሁ፣ ለኛም በቅጡ ነግሮን አያውቅም፣ በሰው መሀል እንዴት ያወራዋል። ካውንስለሩ «ቁጭ ብለህ ማዳመጥ ትችላለህ፣ ማውራት ግዴታህ አይደለም» ነው ያለው፣ ማንም አልጎተጎተውም፣ ለብቻው ሰዓት ያዙለት። ግሩፕ ውስጥ አላወራህም ተብሎ ምግብ ወይ ጥየቃ የሚከለከልበት ቤት እንዳለ እዛው ከተኙ ልጆች ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ትልቁ ቀን ግን ልሂድ ያለበት ቀን ነው። መንቀጥቀጡ አልፎ፣ ሰውነቱ ተመልሶ፣ ዱካኩ ሲጀምረው ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፣ በኛ አገር ዱካክ ጫት የተወን ሰው የሚያሰቃይ መንፈስ ነው ስለሚባል እሱም ፈርቷል። የሌሊቷ ነርስ ቁጭ ብላ ጫት የለመደ ጭንቅላት ጫቱ ሲቀርበት እንቅልፉ እንደሚረበሽ፣ ቅዠቱ ከዛ እንደሚመጣና ቀስ እያለ እንደሚቀንስ አስረዳችው፣ አብሽር እያለች አብራው አደረች፣ ሆኖም ጠዋት ሻንጣውን ያዘ። በሩን አልቆለፉም። ሐኪሙን እስኪያወራ ድረስ እንዲቆይ ጠየቁት፣ ቆየ፣ ሐኪሙ አሁን ከወጣ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ነገረው፣ በተለይ ሰውነቱ መጠጡን ስለተወ የድሮውን ያህል ቢጠጣ እንደሚጎዳው። ለማን እንድንደውል ትፈልጋለህ አሉት፣ ለእህቴ አለ፣ ለኔ ደወሉ። መድኃኒቱን በወረቀት ጽፈው ሰጡት፣ በማንኛውም ሰዓት መመለስ እንደሚችል ነገሩት፣ ወጣ።

እማዬ ለምን በሩን አልዘጋችሁበትም ብላ በስልክ አለቀሰችባቸው። የእናት ነገር ነው፣ አልፈርድባትም፣ ማንም አይፈርድባትም። ኃላፊው የመለሱላት «እናቴ፣ ዘግተን ብናስቀረው ዛሬ ይቀራል፣ በሌላ ቀን ሲታመም ግን እኛ ጋ አይመጣም» ነው። ያን ማታ ጠጣ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን የደወለው ራሱ ነው፣ ለኔ አይደለም፣ ለነርሷ። ተመልሶ ሲገባ እንደገና ሐኪም አየው፣ ያለ ተጨማሪ መመዝገቢያ ክፍያ ተቀበሉት፣ «አላልንህም» ያለው አንድ ሰው የለም። ወደ መጠጥ መመለስ በዚህ በሽታ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሲነሳበት ከሆስፒታል አይባረርም። እኔ ይሄን ቤት የወደድኩት ከዛች ጠዋት ጀምሮ ነው።

ስለ ስታፉ ጠባይ። ሁለቱ ራሳቸው ከሱስ የወጡ ናቸው፣ ሃራራ ምን እንደሆነ በመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት፣ ወንድሜ ከሐኪሙ ይልቅ እነሱን ይሰማል። ግን ገደብ አላቸው፣ ከታካሚ ገንዘብ አይበደሩም አያበድሩም፣ የግል ስልካቸውን አይሰጡም፣ ታካሚን አይልኩም። እማዬ ለጥየቃ ስትሄድ ለነርሷ ቅቤ ይዛ ሄደች፣ ወሎ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ነርሷ ለራሴ አልቀበልም አለች፣ እማዬ ተቀየመች፣ በኋላ ለሁሉም ወጥ እንዲሆን ለኩሽና ተሰጠና ተስማሙ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ለሰራተኛ ስጦታ የሚሰጥ ቤተሰብ ልጅ ከሌላው በተለየ ከተያዘ ድሃው ልጅ ምን ሊሆን ነው? ዘበኛውንም ወንድሜ ገንዘብ ሰጥቶ ላክልኝ ብሎት ነበር፣ ገንዘቡን እዛው እጁ ላይ መልሶለት ለነርሷ ነገረ። በድሮው ቤት ሲጋራ ሻጩ ራሱ ዘበኛው ነበር።

ሃይማኖት ላይም ጥሩ ናቸው። ቤታችን እንደ ብዙ የወሎ ቤት ግማሹ እስላም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ አክስቴ ጸበል ይግባ ትላለች፣ አጎቴ ዱዓ ይደረግለት ይላሉ፣ ማዕከሉ ማንንም አይከለክልም ማንንም አያስገድድም፣ የሚሰግድበት ቦታ አለው፣ የሚጾመው የጾም ምግብ ይሠራለታል፣ ጾም ውስጥ መድኃኒት ያለበት ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራል። ብቻ መድኃኒቱን ተውና ጸልይ የሚል ሰራተኛ የለም።

አሁን ያልወደድኩት። አንዱ ካውንስለር ወንድሜ ለብቻው የነገረውን፣ ያንን የጦርነቱን ነገር፣ አጎቴ ሲደውሉ ነገራቸው። በደግነት ይሁን በምን አላውቅም፣ አጎቴም ቡና ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት አነሱት፣ ዞሮ ዞሮ ወንድሜ ጆሮ ደረሰ። ከዛ በኋላ ከሳምንት በላይ ከማንም ጋር አላወራም፣ ከኔም ጭምር። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የታካሚ ሚስጥር ማውጣት በወንጀል ሕግም የሚያስጠይቅ ነው፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት የተጠበቀ ነው ይላል፣ ቤተሰብ መሆን ሁሉን የመስማት መብት አይሰጥም። ቅሬታ በጽሁፍ አስገባን፣ ወንድሜ ነው የጻፈው፣ እኔ አብሬው ፈረምኩ። መልስ ለማግኘት ደጋግመን መደወል ነበረብን፣ ይሄ አበሳጭቶኛል። በመጨረሻ ኃላፊው ካውንስለሩን ይዘው መጡና ይቅርታ ጠየቁ፣ ይቅርታው ለኛ አልነበረም፣ ለወንድሜ ነው፣ እኛን ውጡ ብለው ነው ያወሩት፣ ካውንስለሩንም ከሱ ኬዝ አነሱት። አሁን የትኛው ዘመድ ምን ያህል ሊነገረው እንደሚችል ታካሚው በፎርም ይሞላል፣ ከኛ ቅሬታ በኋላ የመጣ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ቀድሞ ግን መኖር ነበረበት።

ከሚስጥር ጋር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ይሄ የቪዲዮ ነገር። የመጀመሪያው ቤት ወንድሜን ሲንቀጠቀጥ ቀርጸውት ነበር፣ ሲሻለው ሌላ ቀርጸው «በፊትና አሁን» ብለው ቲክቶክ ላይ ሊለጥፉት፣ ፈቅዷል ይሉናል፣ በዛ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ምን ይፈቅዳል? ተሟግተን ነው ያስጠፋነው። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ የሚለጥፍ ማገገሚያ ብዙ ነው፣ እናንተም ላይክ ታደርጋላችሁ፣ ልጁ ነገ ስራ ሊፈልግ ነው፣ ሚስት ሊያገባ ነው፣ ልጁ አድጎ ያየዋል። የኮምቦልቻው ቤት ጠያቂ እንኳ ግቢ ውስጥ ፎቶ እንዲያነሳ አይፈቅድም። ማገገሚያ ስትመርጡ መጀመሪያ ገጻቸውን ክፈቱ፣ የታካሚ ፊት ካያችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሌላው ሌሊት ላይ ያለው ሰው ያንሳል፣ አንዲት ነርስና አንድ ዘበኛ ብቻ ናቸው፣ አዲስ የገባ ታካሚ ባለበት ሌሊት ይሄ አይበቃም፣ ነግረናቸዋል። ትንኝ አለ፣ አጎበር የሌለው አልጋ ስላለ ይዛችሁ ሂዱ። ምግቡ ደህና ነው፣ ሽሮ ይበዛል። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር አልጽፍም፣ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የሐኪምና የመድኃኒት ውስጡ መሆኑን አለመሆኑን ለይታችሁ ጠይቁ፣ ዲፖዚት ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ወንድሜ አቋርጦ በወጣበት ጊዜ ያልቆየበትን ቀን ሂሳብ መልሰው ተመልሶ ሲገባ አስበውለታል፣ እኛ ሳንጠይቅ።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣቸዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በሚስጥሩና መልሱ በመዘግየቱ ነው። ወንድሜ አሁን እቤት ነው፣ ለክትትል ይመላለሳል፣ ከዚህ በላይ የሱን ነገር አልጽፍም።

ሴት ታካሚ ያላችሁ ግን እዛ አትድከሙ፣ አልጋው የወንድ ብቻ ነው። ኃላፊውን ለምን ስላቸው የተለየ ግቢና በቂ ሴት ሰራተኛ ሳይኖር ሴት መቀበል አልፈልግም አሉኝ፣ ያሉት ትክክል ነው፣ ግን የሚጠጡ የሚቅሙ እህቶቻችንም ብዙ ናቸው፣ ቤት ውስጥ ተደብቀው ነው ያሉት፣ ቤተሰብም ለወንዱ እንደሚሮጠው ለነሱ አይሮጥም። ለጊዜው ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ለሴት የሚሆን ጥሩ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ከታች ጻፉልን፣ በተለይ ገብታችሁ ያያችሁት ከሆነ፣ ልሂድ ስትሉ ምን እንዳደረጉ ጭምር።